ዕጣው የአማልክት፣ እጁ የእኔ

አጎቴ ወጣት ሳሉ፣ ማሽላው በሚያሽትበት ወራት፣ ሌሊት ሌሊት ማማ ላይ እየወጡ የአባታቸውን እርሻ ከከርከሮና ከጃርት ይጠብቁ ነበር። ጨረቃ ባልወጣችበት በአንዱ ሌሊት አገዳው ሲንኮሻኮሽ ሰሙ፤ «ማነህ?» ብለው ሁለት ጊዜ ተጣሩ፤ መልስ ሲያጡ ድምፁ ወደ መጣበት ተኮሱ። የወደቀው ከርከሮ ሳይሆን የጠፋች ጥጃ ፍለጋ የወጣ የጎረቤት ልጅ ነበር፤ ልጁም በሕፃንነቱ በያዘው ሕመም ምክንያት ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር። ሽማግሌዎች ገቡ፣ ካሳ ተቆረጠ፣ እርቅ ወረደ፤ አጎቴም ደመኛ ሳይባሉ በዚያው መንደር አረጁ።

ይህን የሰማሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። በልጅነቴ የማውቃቸው አጎቴ፣ ክረምት በገባ ቁጥር የራሳቸውን እርሻ ትተው የአንድ ጎረቤት ሽማግሌን መሬት አስቀድመው የሚያርሱ፣ እጃቸው ከጭቃ የማይለይ ሰው ነበሩ። እናቴ ታሪኩን ስትነግረኝ «የሁለቱም ዕጣ ፈንታ ነው» ብላ ዘጋችው። አጎቴ ራሳቸው ግን፣ ሰው ሊያጽናናቸው ፈልጎ «የእግዜር ሥራ ነው፣ እርስዎ ምን ያድርጉ» ሲላቸው፣ «አዎ፣ የእግዜር ሥራ ነው፤ ምላጩን የሳብኩት ግን እኔ ነኝ» ይሉ እንደነበር ጨምራ ነገረችኝ። እነዚህ ሁለት አባባሎች በአንድ ሰው አፍ እንዴት አብረው እንደሚያድሩ ለብዙ ዘመን አልገባኝም። የእግዜር ሥራ ከሆነ ሰውየው ነፃ ነው፤ የሰውየው ሥራ ከሆነ እግዜርን ማንሳት ማመካኘት ነው፤ ሌላ መንገድ አይታየኝም ነበር። ሌላ መንገድ መኖሩን ያየሁት፣ ስለ ሌላ ጉዳይ ሳነብ፣ ከጥንት ግሪኮች ዘንድ ነው።

የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በታሪኩ የመጀመሪያ መጽሐፍ ስለ ሊዲያው ንጉሥ ስለ ክሮይሶስ ይተርካል። ክሮይሶስ በሀብቱ ብዛት ከሰው ሁሉ የበለጠ ደስተኛ ነኝ ብሎ ያመነ ንጉሥ ነበር። አንድ ሌሊት በሕልሙ አቲስ የተባለው ልጁ በብረት ጦር ተወግቶ ሲሞት ያያል። ሲነቃ ልጁን ከዘመቻ ያስቀረዋል፣ ሚስት ያጋባዋል፣ በግድግዳ የተሰቀለ ጦር እንኳ በድንገት እንዳይወድቅበት መሣሪያውን ሁሉ ከወንዶቹ ክፍል አስወጥቶ በዕቃ ቤት ያስከምራል። በዚሁ ሰሞን አድራስቶስ የሚባል የፍርግያ ሰው መጠጊያ ፍለጋ ይመጣል፤ ወንድሙን ሳያስበው ገድሎ ከአባቱ ቤት የተባረረ ነው። ክሮይሶስም እንደ ሥርዓቱ ከደሙ አንጽቶ በቤቱ ያኖረዋል። ከዚያ በሚስያ አንድ ግዙፍ የዱር እሪያ የገበሬውን ማሳ ማጥፋት ጀመረ። አቲስም ወደ አደኑ ካልሄድኩ ብሎ አባቱን ይሞግታል፦ እሪያ እጅ የለው፣ የብረት ጦር የለው፣ ስለምን ትፈራለህ? አባት በክርክሩ ተረትቶ ይለቀዋል፤ ጠባቂ እንዲሆነውም አድራስቶስን ያስከትልለታል። አዳኞቹ እሪያውን ከብበው ጦር ሲወረውሩ የአድራስቶስ ጦር እሪያውን ስቶ የንጉሡን ልጅ መታ።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ለጥቂት ቀናት አልገለጥኩትም። እሪያውና ማሳው ብቻ አልነበረም ያስደነገጠኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ነው። አድራስቶስ በሬሳው ፊት ቆሞ በዚያው ላይ እንዲያርደው ንጉሡን ይለምናል። ክሮይሶስ ግን በራሱ ኀዘን ውስጥ ሆኖ እንኳ ይራራለታል፦ በራስህ ላይ ሞት ስለ ፈረድህ የሚገባኝን ፍርድ ሁሉ ተቀብያለሁ፤ ሳትወድ በእጅህ ከመሆኑ በቀር የዚህ መከራ ምክንያት አንተ አይደለህም፤ ምክንያቱ አስቀድሞ የነገረኝ አምላክ ነው ይለዋል። አባት ምሯል፤ ምክንያቱም ለአምላክ ተሰጥቷል። አድራስቶስ ቀብሩ አልቆ ሰው እስኪበተን ጠበቀና በመቃብሩ ላይ ራሱን ገደለ። ሄሮዶቱስ ይህን ሲጽፍ አያወግዝም፣ አያመሰግንም፤ አድራስቶስ ከሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ከባዱ ዕጣ የራሱ መሆኑን ያውቅ ነበር ብሎ ያልፋል።

ጦሩ እሪያውን «ሳተ» ለማለት ሄሮዶቱስ የተጠቀመበት ግሥ ሐማርታኖ ነው። ከዚሁ ግሥ የወጣው ሐማርቲያ የሚለው ስም በአዲስ ኪዳን ግሪክኛ «ኃጢአት» ማለት ሆነ፤ አርስጣጣሊስ ግን ስለ ቅኔ በጻፈው ድርሳን የአሳዛኝ ትያትር ጀግና የሚወድቀው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን በአንድ ሐማርቲያ ምክንያት ነው ሲል ገና የድሮውን የጦር ወርዋሪ ትርጉም በአእምሮው ይዞ ነበር ብዬ አምናለሁ። ብዙ መምህራን ይህን ቃል «የባሕርይ ጉድለት» ብለው ተርጉመው፣ ተማሪውም ለኤዲፐስ ቁጡነትን፣ ለአንቲጎኔ እልኸኝነትን እየለጠፈ ፈተናውን እንዲያልፍ አድርገዋል። እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ጥይት ኢላማውን «ሳተ» እንላለን፤ «ስሕተት» የሚለውም ከዚሁ ሥር ነው። ጦሩን የወረወረው ክንድ ጠንካራ፣ ዐይኑ ንጹሕ፣ ሐሳቡም ቅን ሊሆን ይችላል፤ ያም ሆኖ መሳቱ መሳት ነው፤ የተመታውም ሰው ተመትቷል።

ዕጣ የሚለውንም ቃል በዚሁ ዐይን ማየት ይጠቅማል። ግሪኮች ዕጣን ሞይራ ይሉታል፤ ቃሉ በመጀመሪያ ድርሻ ማለት ነው፤ ከምርኮ፣ ከማዕድ ሥጋ ወይም ከመሬት ለአንድ ሰው የሚደርሰው ክፍል። የእኛም «ዕጣ ፈንታ» እንዲሁ ነው፤ ወንድማማች ርስት ሲካፈል ዕጣ ይጥላል፣ የደረሰው ፈንታው ነው። «ዕድል» ራሱ ከማደል የመጣ ስለሆነ «አልታደልኩም» የሚል ሰው ሳያውቀው ሞይራን በአማርኛ እየተናገረ ነው። የሆሜር ግጥም በሆነው በኢሊያድ 15ኛ ክፍል ፖሴይዶን የአማልክት አለቃ በሆነው በዜውስ ተቆጥቶ ሲናገር ይህ ትርጉም ወለል ብሎ ይታያል፦ ሦስት ወንድማማች ነን፤ ዓለምን በዕጣ ተካፍለናል፤ ለእኔ ባሕር፣ ለሐዴስ የሙታን ጨለማ፣ ለዜውስ ሰማይ ደረሰ፤ ምድርና ኦሊምፖስ የጋራችን ናቸው፤ እሱም በድርሻው ረግቶ ይቀመጥ ይላል። ይህ የርስት ክርክር ነው። ስለዚህ አማልክቱ ራሳቸው ባለ ድርሻ እንጂ የድርሻ ሁሉ ፈጣሪዎች አይደሉም፤ ዕጣውን ማን ጣለው ብሎ ለሚጠይቅም ሆሜር መልስ የለውም።

ታዲያ አማልክት ዕጣን ሊሽሩ ይችላሉ? በ16ኛው ክፍል ዜውስ የገዛ ልጁ ሳርፔዶን በፓትሮክሎስ እጅ ሊሞት መሆኑን እያየ፣ ከሰልፉ ነጥቄ ወደ አገሩ ልመልሰው ይሆን ብሎ ያመነታል። ሚስቱ ሔራ «አትችልም» አትለውም። የምትለው አድርገው፤ እኛ ሌሎቹ ግን አናመሰግንህም፤ እንዲህ ካደረግህ ነገ ሌላውም አምላክ ልጁን ከሰልፍ ሊያወጣ ይነሣል ነው። ዜውስን በዚያች ሰዓት ያሰረውን ነገር በአንድ ቃል ጥራው ብባል «ይሉኝታ» ከሚለው የተሻለ አላገኝም። ልጁን አሳልፎ ይሰጣል፤ ስለ ክብሩም በምድር ላይ የደም ጠብታ ያዘንባል። ክሮይሶስም በኋላ መንግሥቱን በቂሮስ እጅ ካጣ ወዲያ ትንቢት በሚጠየቅበት በዴልፊ ያለውን አምላክ አፖሎን አታለልከኝ ብሎ ሲከስ፣ የተሰጠው መልስ አምላክም ቢሆን ከተወሰነው ዕጣ ማምለጥ አይችልም የሚል ነበር፤ አፖሎ ግን የዋና ከተማውን የሰርዴስን ውድቀት በ3 ዓመት ሊያዘገይለት ችሏል። ሦስት ዓመት! ስለ ዕጣና ስለ አማልክት የተጻፈ ብዙ ፍልስፍና አንብቤአለሁ፤ እንደዚህች የሦስት ዓመት ቀጠሮ ግን የጉዳዩን ልክ ያሳየኝ የለም።

የሆሜር ሌላው ግጥም የኦዲሴይ መክፈቻ ደግሞ ከሌላው ወገን ያለውን ክስ ይዟል። ፖሴይዶን ወደ ኢትዮጵያውያን ድግስ ሄዶ ሳለ ሌሎቹ አማልክት ተሰብስበዋል፤ ዜውስም ሰዎች እኛን መውቀሳቸው ይደንቃል፤ መከራ ከእናንተ ነው ይሉናል፤ ነገር ግን በገዛ ድፍረታቸው ከዕጣቸው በላይ ሥቃይ ይጨምራሉ ይላል። ምሳሌው አይጊስቶስ ነው፤ የአማልክት መልእክተኛ ሄርሜስ ተልኮ ንጉሡን አጋሜምኖንን አትግደል፣ ሚስቱንም አታግባ ብሎ አስጠንቅቆታል፤ እሱ ግን አልሰማም። (ስለ ኢትዮጵያውያኑ አንድ ነገር ልበል፦ ሆሜር ይህን ስም የሚሰጠው በዓለም ዳር፣ በፀሐይ መውጫና መግቢያ ለሚኖሩ ፊታቸው ለጠቆረ ሕዝቦች ስለሆነ ከዛሬዪቱ አገራችን ጋር አንድ ለአንድ አይገጥምም። ነገር ግን በኢሊያድም ዜውስ «ነቀፋ ወደሌለባቸው» ኢትዮጵያውያን ሄዶ እስከ 12ኛው ቀን ስላልተመለሰ የአኪሌስ አቤቱታ ይቆያል። በስማችን የተጠራ ድግስ የሌላውን ፍርድ ማዘግየቱን በኩራት ከምንጠቅሰው ጥቅስ ጋር አብረን ብናስታውስ አይከፋም።) በዜውስ ንግግር ውስጥ ለእኔ ትልቁ ቃል «ከዕጣቸው በላይ» የሚለው ነው። ድርሻ አለ፤ በድርሻው ላይ እጅ የሚጨምረውም አለ። ይህ ሒሳብ ለአይጊስቶስ ይሠራል፤ እያወቀ አድርጎታልና። ሳያውቅ ላደረገ ሰው ግን እንዴት ይሆናል?

ለዚህ ጥያቄ የተሠራ የሚመስለው የሶፎክሌስ ትያትር «ኤዲፐስ ንጉሥ» ነው። ታሪኩን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ለሐሳቤ የሚያስፈልጉኝን ብቻ ላንሣ። ኤዲፐስ በቆሮንቶስ ያደገ፣ አባቴ ንጉሥ ፖሊቦስ ነው ብሎ የሚያምን ወጣት ነው። አንድ ሰካራም በግብዣ ላይ የአባትህ ልጅ አይደለህም ይለዋል፤ እውነቱን ሊጠይቅ ዴልፊ ይሄዳል፤ አፖሎ የጠየቀውን ትቶ አባትህን ትገድላለህ፣ እናትህን ታገባለህ ይለዋል። ኤዲፐስም ወደ ቆሮንቶስ ላለመመለስ ይወስናል፤ ይህ ውሳኔ የደግ ልጅ ውሳኔ ነው። ሦስት መንገዶች በሚገናኙበት ስፍራ በሠረገላ የተቀመጠ ሽማግሌ ከመንገድ ውጣ ብሎ በበሬ መውጊያ ራሱን ይመታዋል፤ እሱም በበትሩ መልሶ ይገድለዋል፤ አጃቢዎቹንም እንዲሁ፣ ካመለጠ አንድ ሰው በቀር። ሽማግሌው ላዮስ፣ የተብስ ንጉሥና የኤዲፐስ እውነተኛ አባት ነበር። አባቱን እንደሚገድል የተነገረው ሰው ሽማግሌ ላይ እጁን ማንሣት አልነበረበትም የሚሉ ተቺዎች አሉ። እኔ ይህን የተቺ ብልጠት አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ጠብ በመንገድ ላይ ሲነሣ የሽማግሌ ሁሉ መልክ ላይ የአባቱን ገጽ የሚፈልግ ሰው በዓለም የለም፤ ያውም አባቱ በሌላ ከተማ በሰላም እንደሚኖር እያመነ።

ትያትሩ ሲጀምር ይህ ሁሉ ካለፈ ዓመታት ሆነዋል። ተብስን ቸነፈር ይዟታል፤ በ430 ከክርስቶስ ልደት በፊት አቴንስን ራሷን ቸነፈር መትቷት ስለነበር ተመልካቹ ስለ ምን እንደሚናገር በሚገባ ያውቅ እንደነበር ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። አፖሎ የላዮስ ገዳይ ይውጣ ይላል፤ ንጉሡም ገዳዩን በአደባባይ ረግሞ ፍለጋውን ይጀምራል። ከዚህ በኋላ መድረኩ ላይ አንድም አምላክ አይታይም። ጠያቂው፣ አስጠሪው፣ መስካሪ አፋጣጩ ኤዲፐስ ነው። ነቢዩ ቲሬስያስ ተወኝ ይለዋል፤ ሚስቱ፣ በእውነቱም እናቱ የሆነችው ዮካስታ ስለ አማልክት ብለህ አቁም ትለዋለች፤ ሕፃኑን ኤዲፐስን እንዲጥል ታዝዞ በርኅራኄ ለሌላው ያሳለፈው እረኛ ከአፉ ሊወጣ ያለውን ነገር እየፈራ «ወዮልኝ፣ አስፈሪውን ቃል ልናገር ነው» ሲል ኤዲፐስ «እኔም ልሰማው ነው፤ ግን መስማት አለብኝ» ይላል። ዴልፊ ትገድላለህ፣ ታገባለህ አለ እንጂ ትመረምራለህ አላለም። ዕጣው ያለፈው ነው፤ የዛሬው ቀን የራሱ ነው።

ዐይኖቹን በሚስቱ ልብስ መርፌዎች ካጠፋ በኋላ የከተማው ሽማግሌዎች ከአማልክት ማን አነሣሣህ ብለው ይጠይቁታል። መልሱም ይህ ነው፦ አፖሎ ነው፣ ወዳጆቼ፣ ይህን መከራዬን የፈጸመው አፖሎ ነው፤ የመታው እጅ ግን የሌላ የማንም አይደለም፣ የእኔው ነው። በቁሙ ስለ ዐይኖቹ የተነገረ ቢሆንም ትያትሩን በሙሉ የሚሸከም ቃል ነው። እዚህ ስደርስ የአጎቴን ድምፅ ሰማሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ኤዲፐስ በመጀመሪያው ሐረግ ሁለተኛውን አያቀልልም፣ በሁለተኛውም የመጀመሪያውን አይክድም። እኔ ለዓመታት «ወይ ይህ ወይ ያ» እያልኩ የጠየቅሁት ጥያቄ ማን ይወቀስ የሚል ነበር፤ እሱ የሚመልሰው ጥያቄ ግን ይህ ሥራ የማን ነው የሚል ነው። ወቀሳ ሊከፋፈል፣ ሊቀነስ፣ ወደ ሰማይም ሊላክ ይችላል። የተሠራ ሥራ ግን የሠራው ሰው አለው።

ይህ የባለ ቅኔዎች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን የአቴንስን ሕግ ማየት ያስፈልጋል። ድራኮን በ621 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ያወጣው የነፍስ ግድያ ሕግ በ409 ዓመት ላይ እንደገና በድንጋይ ተቀርጿል፤ አስቀድሞ ሳያስብ የገደለም ሰው ይሰደድ ይላል። እርቅም ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የሟች አባት፣ ወንድሞችና ልጆች ሁሉም መስማማት አለባቸው፤ አንድ እንኳ እንቢ ካለ እንቢታው ያሸንፋል። ሆን ብሎ የገደለ በአርዮስፋጎስ፣ ሳያስብ የገደለ በፓላዲዮን፣ ገድያለሁ ግን ሕግ ፈቅዶልኛል የሚል በዴልፊኒዮን ይዳኛል። በስደት ላይ ሳለ በሌላ ደም የተከሰሰ ሰው ደግሞ ምድሪቱን መርገጥ ስለማይፈቀድለት ጀልባ ላይ ቆሞ ይከራከራል፤ ዳኞቹ ዳር ላይ ተቀምጠው ይሰሙታል። ከሁሉ የሚገርመው ሰው የገደለ ድንጋይ፣ እንጨት ወይም ብረት በፕሪታኔዮን ተከስሶ፣ ተፈርዶበት ከድንበር ውጭ የሚጣል መሆኑ ነው። ለእኛ አስቂኝ ነው። ለእነሱ ግን የፈሰሰ ደም ሐሳብን ሳይጠይቅ የሚያረክስ ነገር ነበር፤ ከተማይቱም ከዚያ ርኩሰት የምትነጻበት ሥርዓት ያስፈልጋት ነበር።

በአቴንሱ የንግግር ሊቅ በአንቲፎን ስም ከሚታወቁት የመለማመጃ ክሶች አንዱ ስለዚሁ ነው፦ በስፖርት ሜዳ አንድ ወጣት ጦር ሲወረውር ሌላ ልጅ በመካከል ሮጦ ይገባና ይሞታል። የሟች አባት ይከሳል፤ የወርዋሪው አባት ልጄ የታዘዘውን ወረወረ፤ የሳተው የሮጠው ነው ብሎ ይመልሳል። ፕሉታርክም እንደሚለው የአቴንስ መሪ ፐሪክሌስ ከፈላስፋው ከፕሮታጎራስ ጋር አንድ ሙሉ ቀን ስለ ተመሳሳይ አደጋ ሲከራከር ውሏል፤ ጥፋተኛው ጦሩ ነው፣ ወርዋሪው ነው ወይስ ውድድሩን ያዘጋጁት ናቸው እያሉ። ወሬውን ያወራው የፐሪክሌስ የገዛ ልጅ ነው፤ በአባቱ ላይ ሊያስቅ። ልጁ ይስቅ እንጂ እኔ ያን ቀን ከባከነ ቀን አልቆጥረውም።

ስለ አይስኪሎስ «ኦሬስቴያ» ብዙ ስለተጻፈ ቶሎ አልፈዋለሁ። በ458 ከክርስቶስ ልደት በፊት የታየው ይህ ሦስት ክፍል ያለው ሥራ ደም ደምን ሲጠራ ያሳያል። አጋሜምኖን መርከቦቹ በተቃራኒ ነፋስ ታግደው በአውሊስ ሲቆሙ በአርጤምስ ፈቃድ ልጁን ይሠዋል፤ አይስኪሎስ ይህን ሲናገር «የግድን ቀንበር አጠለቀ» ይላል። ቀንበሩ የግድ ነው፤ አንገቱን ያስገባው ግን እሱ ነው፤ በአንድ ሐረግ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ሚስቱ ባሏን ትገድላለች፤ ልጇ ኦሬስቴስ በአፖሎ ትእዛዝ የአባቱን ደም ሊመልስ እናቱን ይገድላል፤ ደም መላሾቹ ኤሪኒያት እሱን ያሳድዳሉ። አድራጊ ይቀበል የሚለው የመዘምራኑ ሕግ እኛ «የእጁን አገኘ» የምንለው ነው። ጉዳዩ የሚያበቃው ኋላ ጳውሎስ በሰበከበት በአርዮስፋጎስ ኮረብታ በተሰየመ ችሎት ሲሆን ድምፁ እኩል ለእኩል ወጥቶ ኦሬስቴስ ይለቀቃል። እውነቱን ለመናገር አፖሎ በችሎቱ ያቀረበው ሙግት፣ እናት የልጇ ወላጅ አይደለችም የሚለው፣ ደካማ ነው፤ ግማሹ ዳኛም አልተቀበለውም። ትልቁ ሥራ ከፍርዱ በኋላ ያለው ነው። አቴና የተረቱትን ኤሪኒያት ረጅም ሰዓት ትለማመጣለች፤ አልተዋረዳችሁም፣ ድምፁ እኩል ነው፣ በዚህ ምድር ክብርና መኖሪያ አላችሁ እያለች፤ እነሱም አሻፈረኝ ይሉና በመጨረሻ እሺ ይላሉ። ሽማግሌ ገብቶ የከረረ ደም ሲያበርድ ያየ ሰው ይህን ትዕይንት ለመረዳት የሥነ ጽሑፍ መምህር አያስፈልገውም።

ዩሪፒዴስ ግን አማልክቱን አያምናቸውም። በ428 በታየው «ሂፖሊቱስ» አፍሮዲቴ የተባለችው የፍቅር አምላክ ስላላከበራት ወጣት ልትበቀል ስትል የእንጀራ እናቱን ፌድራን በፍቅሩ ታሳብዳለች። ፌድራ በውሸት ወንጅላው ትሞታለች፤ አባቱ ቴሴውስም ሳያጣራ ይረግመዋል፤ እርግማኑን የሰማው ፖሴይዶን ከባሕር በሬ ልኮ ልጁን ያስፈጫል። መጨረሻ ላይ ሂፖሊቱስ ዕድሜውን ሙሉ ያከበራት አርጤምስ ትመጣለች። ለምን እንዳላዳነችው ስትናገር አንዱ አምላክ የሌላውን ፈቃድ አይቃወምም፤ የእኛ ሕግ ይህ ነው ትላለች፤ በቀሉን ግን በአፍሮዲቴ ወዳጅ በሌላ ሰው ላይ እንደምትወጣ ቃል ትገባለች። ከዚያም የሙታንን ፊት ማየት ስለማይገባት ትሰናበትና ትሄዳለች። ሂፖሊቱስ ሲሰናበታት «ረጅሙን ወዳጅነታችንን በቀላሉ ትተሽዋል» ይላታል። መድረኩ ላይ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሚሞት ልጅና የገደለው አባት። ልጁ አባቱን «ከዚህ ደም ነፃ አወጣሃለሁ» ይለዋል። በአቴንስ ሕግ ሟች ከመሞቱ በፊት ገዳዩን ከለቀቀ ከዘመዶቹ ማንም መክሰስ አይችልም ነበርና ቃሉ የርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ሕጋዊ ኃይል ያለው ቃል ነው። አማልክት በትያትሩ ውስጥ ማጥፋትንም ማብራራትንም ችለዋል። መልቀቅን ያወቀ ሰው ብቻ ነው።

የአጎቴ ነገር ከዚህ ይለያል፤ ልጁ በማሽላው ውስጥ ቃል ሳይተነፍስ ነው የሞተው። ካሳውን የተቀበሉት፣ እርቁንም የፈጸሙት አባቱ ናቸው፤ ክረምት ክረምት መሬታቸው የሚታረስላቸው ሽማግሌ እሳቸው እንደነበሩ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ሶፎክሌስ ኤዲፐስን በስተእርጅናው ዳግም ወደ መድረክ አምጥቶታል፤ «ኤዲፐስ በኮሎኖስ» የታየው ደራሲው ከሞተ በኋላ በ401 ነው። ዕውሩ ስደተኛ ኤዲፐስ እዚህ እንደ ጠበቃ ይከራከራል። ሥራዎቼ ከሠራኋቸው ይልቅ የደረሱብኝ ናቸው ይላል፤ ማን መሆኑን አላወቅሁም፣ መትቶኝ መታሁት፤ በሕግ ፊት ንጹሕ ነኝ። ክርክሩ ጥሩ ነው፤ በዴልፊኒዮንም ቢቀርብ የሚያዋጣ ይመስለኛል። በኋላ ግን የአቴንሱ ንጉሥ ቴሴውስ የተነጠቁ ሴቶች ልጆቹን አስመልሶ ሲያመጣለት በደስታ «እጅህን ስጠኝ፣ ልንካው፣ ጉንጭህንም ልሳም» ይላል፤ ወዲያው ደግሞ እጁን ይሰበስባል። ምን እያልኩ ነው፣ ክፉ ነገር ሁሉ ያደረበትን ሰው ንካ ብዬ እንዴት እለምንሃለሁ? አልችልም፣ አንተም ብትፈቅድ አልፈቅድልህም፤ ባለህበት ሆነህ ሰላምታዬን ተቀበል ይለዋል። ንጹሕ ነኝ ያለውና እጁን የሰበሰበው አንድ ሰው ነው፤ በአንዱም አልዋሸም።

በአገራችን እጁ የቆሸሸ ወይም የረጠበ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ እጁን አጥፎ አንጓውን ያቀርባል። አጎቴ ለእኒያ ሽማግሌ ሁልጊዜ አንጓቸውን ነበር የሚሰጧቸው። በልጅነቴ ከእርሻው ጭቃ የተነሣ ይመስለኝ ነበር፤ በኋላ ነው በጥምቀትም፣ በሠርግም፣ በነጭ ልብስ እጃቸውን ታጥበው ማዕድ ሊቀርቡ ሲሉም እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር ያስታወስኩት። ሽማግሌውም ምንም ሳይሉ ያን አንጓ በሁለት እጃቸው ይይዙት ነበር።